«እሱን ብቻ ነው የምፈልገው»

እኔ ሰው አላምንም። ይሄን ስል ደግሞ አላፍርም። አሶሳ መንገድ ዳር ተቀምጦ ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጥ ሰው፣ ሰውን ካመነ አለቀለት። አንዱ ጠርሙሱን ከፍቶ ያሸትና «ውሃ አለበት» ይላል። ሌላው ሞተሩ በራሱ ጊዜ ሲበላሽበት ተመልሶ መጥቶ «ጋዝ ቀላቅለሽበት ነው» ብሎ ይጮህብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን ዓይን አያለሁ፣ ቀጥሎ እጁን፤ የሚናገረውን የምሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ኸድራ እባላለሁ። የበርታ ልጅ ነኝ፤ አማርኛዬ ግን ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ልጆች ጋር አፈር ሲፈጭ ያደገ ስለሆነ ማንም በቋንቋ አያመልጠኝም። የምሸጠው ከማህጁብ ጋራዥ አጠገብ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። በእኔና በጋራዡ መካከል የቀርከሃ አጥር አለ። የቀርከሃ አጥር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሚታየውን ያሳያል፣ የማይታየውን ያሰማል። ይሄ ሁሉ ፍቅር፣ ይሄ ሁሉ እንባ፣ ይሄ ሁሉ «ጧ! ጧ!» ያለፈው በእኔ ዓይንና በእኔ ጆሮ ነው።

ልጅቷ የዝናሽ ትባላለች። የአያ ታፈረ ልጅ ናት። አያ ታፈረ በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው። እንደኛው ሙስሊም ናቸው፤ ጁምዓ ከእኛ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የሚሰግዱት። ልጅ መስጠት ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ይለወጣል። የእነሱ ሰው «ከአገሬው ጋር ምን አጋባን» ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ «ሰፋሪ ነገ ተነስቶ አገሩ ቢገባስ» ይላል። አያ ታፈረ ራሳቸው አንድ ቀን ቤንዚን እየቀዳሁላቸው «ዲናችንስ አንድ ነው ኸድራ፤ ምላሳችን ነው ያልተገናኘው» ብለውኛል። ያኔ ለወግ ያህል የተናገሩት መስሎኝ ነበር።

እኚህ ሰው አንድ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት አላቸው። የንጉሡ ዘመን ነው። ሆዱ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ብሎ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ካርቦራተር ተሸክሟል፤ ካርቦራተር ማለት አየርና ቤንዚን አቀላቅሎ ለሞተር የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ባምባሲ ከነበረ አንድ ጡረተኛ በበሬ ለውጠው ያገኙት ነው። ያኔ ሰው «ታፈረ አበደ፤ የሚያርሰውን ሰጥቶ የሚጮኸውን ወሰደ» ብሎ ስቆባቸዋል። ሳቁ የቆመው የዝናሽ የተወለደች ቀን ነው። የእናቷ ምጥ ጠንቶ፣ መኪና ጠፍቶ፣ በዚያ ሞተር ነው ከሐኪም ቤት የደረሱት። እናትየው ዛሬ የለችም። ሞተሩ ግን አለ። አባትና ልጅ ሲያጥቡት ብታዩ ዘመድ የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት።

የዝናሽ ማህጁብ ጋራዥ የመጣችው ይሄንኑ ሞተር እየገፋች ነው። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ዝጎ፣ ሞተሩ እንደ ሳል በሽተኛ ሆኖባታል። ማህጁብ ከአንድ መኪና ሥር ብቅ አለና ዓይኗ ላይ ወደቀ። ክው ብሎ ቀረ። እንደምንም አፉን ከፍቶ፦

«አንተ... አንተ ምን ፈለግክ?» አላት።

«አንተ? ጢም አለኝ እንዴ?» አለችው።

እኔ ከአጥሩ ወዲህ በሳቅ ልሞት። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጠቆር ያለ ሰው አይቀላም የሚል ካለ ያን ቀን ማህጁብን አላየም። በርታኛ ተናግሮ ያደገ፣ አማርኛን ከጋራዥ ደንበኛ የለቀመ ልጅ ነው፤ ምን ያድርግ። ወደ ሞተሩ ዞሮ «ይቺ ትንፋሽ አጥሯታል» አለና እዚያው ተደበቀ።

ከዚያ በኋላ የዝናሽ ሰበብ አላጣችም። ዛሬ ፍሬኑ፣ ነገ መብራቱ። መጥታ ማንጎው ሥር ትቀመጥና ታስተምረዋለች። «አንቺ በል። ነይ በል። ተቀመጪ በል።» እሱም እንደ ቁርአን ተማሪ እየተወዛወዘ ይደግማል። ካቻቢቴ ይዞ እንኳ «ነይ፣ ሂጂ፣ ደህና ነሽ» እያለ ለብቻው ሲያጉተመትም እሰማው ነበር። ወር ሳይሞላው «አንቺ»ን አንጥሮ አወጣት። በሷ ፊት አንድ ቀን አይሳሳትም። ዓይኗን አይቶ «አንቺ» ሲላት እኔ ራሴ ልቤ ይርድ ነበር፤ እኔ ሰው የማላምነው።

ነገሩ ጠና። ማህጁብ ለአጎቱ ነገረ፣ አጎቱ ለአያ ታፈረ ሰው ላከ። ሽማግሌዎቹ በጁምዓ ከሶላት በኋላ እንዲመጡ ተቆረጠ። አያ ታፈረም የሰፈራቸውን ሰው ፊት ችለው «ልጄ እሺ ካለች እሺ፤ እምቢ ካለች ግን ከደጅ ነው የሚመለሱት» አሉ። ከደጅ የተመለሰ ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ አይላክም። ያ በር ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ለሁለቱ ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚመጡትም።

እንግዲህ ያን ሳምንት ነው ሞተሩ ያበደው።

ማህጁብ የዛገውን ሳጥን አውልቆ ጣለና ለሁለቱ ካርቦራተሮች ከአዲስ ሞተር የተገኙ ሁለት አጫጭር የአየር ማጣሪያዎች ገጠመላቸው። ሲያዩት ያምራል። ሲነሳ ግን ጉድ ነው። እጀታውን ጠምዝዘው ነዳጅ ሲሰጡት «ጧ! ጧ!» ይላል፤ ዶሮው ሁሉ ይበተናል። ዳገት ላይ ሲደርስ እፍ ብሎ ይጠፋል። አያ ታፈረ ገፍተው ገፍተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ መጀመሪያ የመጡት ወደ ማን ይመስላችኋል? ወደኔ!

«ኸድራ፣ ምን ቀላቀልሽበት?» አሉኝ።

«ምን ቀላቀልሽበት?» ጠርሙሱን ከፍቼ አፍንጫቸው ሥር ደቀንኩላቸው። «ያሽትቱ! ጋዝ ካለበት እዚሁ ይድፉብኝ! ከእኔ ቤንዚን የሚቀዳው ሁሉ ሽው ብሎ ይሄዳል፤ የእርስዎ ብቻ ለምን ይተኩሳል? አየሩን የነካው ማነው? እሱን አይጠይቁም?»

አልኩ፤ አልጸጸትም። ስሜን ለመከላከል ነው። ወሬ ግን ባለቤት የለውም። በማግስቱ ገበያው ሁሉ «ማህጁብ ሞተሩን ሆን ብሎ አበላሸው፤ ሽማግሌውን አሰልችቶ ሊወስድባቸው ነው» ይል ጀመር። አንድ የአዲስ አበባ ሰው አሮጌ ሞተር እያፈላለገ ነው የሚባል ወሬም ከዚያ ቀደም ነበር። ወሬና ወሬ ተጋቡ።

እኔም ዓይኔን ጣል አደረግሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ማህጁብ ግራና ቀኝ ተገላመጠና ከሁለቱም ካርቦራተር ሆድ አንድ አንድ ቢጫ ነገር ፈትቶ አወጣ፤ የባቄላ ፍሬ አታክልም። ሸሚዙ ኪስ ከተተና እጁን ሳይታጠብ እብስ አለ። ዕቃዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ ዐብዱልቃድር ወርቅ ሠሪው ቤት ገባ!

ወርቅ ሠሪ ቤት! ወርቅ ከወንዝ ተለቅሞ የሚሸጥበት አገር ነው የምንኖረው፤ ሰው ወርቅ ሠሪ ቤት በከንቱ አይገባም። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ወርቅ ነበር እንዴ? ወይስ ለሌላ ሴት የጆሮ ጌጥ ሊያሠራ ነው? ሁለቱም አልጣሙኝ። ሳልውል ሳላድር ለየዝናሽ ነገርኳት።

«ማህጁብ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ።

«ወንድ አያደርግም የሚባል ነገር የለም» አልኳት።

ዓይኗ ውስጥ ግን ጥርጣሬ ገብቶ ሲቀመጥ አየሁት።

ረቡዕ ዕለት የዝናሽ ልታረጋግጥ መጣች። ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ በጓሮ በኩል ነው የመጣችው። ጋራዥ ውስጥ አለነ ነበር፤ አለነ የድባጤ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። በርታኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ስለዚህ ከማህጁብ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው። የዝናሽ አጥሩን ተጠግታ ሰማች። ሰምታ ስታበቃ ወደኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«በጆሮዬ ሰማሁት ኸድራ» አለችኝ። «‹ሞተሩን ብቻ ነው የምፈልገው። አባትየው ለሌላ ሰው ከሰጡብኝ አሶሳ አልቀመጥም› አለ። አለነም ‹ሰው ሳይቀድምህ ቶሎ በል› አለው።»

«ሞተሩን?»

«ሞተሩን። እኔ መንገድ ነኝ ለካ። በእኔ ላይ ተረማምዶ ወደ ሞተሩ ሊሄድ።»

ወዲያው ማህጁብ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሲያያት ፊቱ በራ። «ደህና ነሽ? መቼ መጣሽ?» አላት፤ አንዲት ፊደል ሳይስት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። እንደማታውቀው ሰው አየችው። መልስ ሳትሰጠው ሄደች። እሱ ጨርቁን እንደያዘ መንገዱ ላይ ቀረ።

ኋላ ላይ «ምን አሰብሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ለእኔ ሲል ምላሱን እንዲህ ያሳመረ ሰው፣ ስንት ሌላ ነገር ያሳምር ይሆን አልኩ» አለችኝ። አያችሁ፣ ጥርጣሬ እንደዚህ ነው፤ የወደድሽለትን ነገር አንስቶ ማስረጃ ያደርግብሻል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ሞተራቸውን ሊወስዱ መጡ። አያ ታፈረ ገመድ ይዘዋል፤ ካልነሳ ሊጎትቱት ነው። እኔም ጠርሙሶቼን ትቼ ገባሁ። የቤንዚኔ ስም ያለበት ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊያስወጣኝ አይችልም።

ማህጁብ ሞተሩ ፊት ተንበርክኮ ነበር። የዝናሽ ሰላም አላለችውም።

«ከካርቦራተሩ ውስጥ ያወጣሃቸውን ነገሮች የት ወሰድካቸው?» አለችው።

ደነገጠ። ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣና መዳፉን ዘረጋ። ሁለቱ ቢጫ ነገሮች አሉ።

«ጂግለር ነው» አለ። «ናስ ነው። መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ እይ... እዪ። ቤንዚን የሚያልፈው በዚህ ነው።»

«ወርቅ ሠሪ ቤት ምን አደረሳቸው?»

«አንቺ ማን ነገረሽ?» አለና ወደኔ አየ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«መልስ!»

«ሳጥኗ ድሮ አየር ይቆጥብ ነበር» አለ፣ ቃል እየፈለገ። «እኔ ሳጥን አወጣሁ፣ አዲስ ማጣሪያ አስገባሁ። አየር በጣም ብዙ ገባ። ቤንዚን ግን የድሮው ነው፣ ትንሽ ነው። ስለዚህ ትተኩሳለች፣ ትሞቃለች፣ ዳገት ላይ ትሞታለች። ጥፋቱ የኔ ነው። የኸድራ ቤንዚን ምንም የለበትም።» ይሄን ሲል እንኳ ትንሽ ልቤ ራራለት። «ቀዳዳውን በጥቂቱ ማስፋት አለብኝ። የኔ መሰርሰሪያ ወፍራም ነው። ዐብዱልቃድር ግን ለጌጥ የሚሆን እንደ ፀጉር የቀጠነ መሰርሰሪያ አለው። እዚያ አሠራሁ።»

አንዱን ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ፈትቶ አሳያቸው። ጫፉ እንደ አመድ ነጭቷል። «ጤነኛ ከሆነች እንደ ገል ቡናማ ነው የሚሆነው። ይሄ ርሃብ ነው» አላቸው።

አያ ታፈረ ካንዴላውን ተቀብለው አገላበጡት። ልመን አልመን በሚል ዓይነት «እስቲ እናያለን» አሉ።

የዝናሽ ግን አልሰማችም። የሰማችውን ሰምታለች። «ማህጁብ» አለች። «ነገ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ማህጁብ ቀና ብሎ አያት። በርታኛ ቢሆን ስንት ነገር ይል ነበር! አማርኛው ከዳው።

«ምን አደረግኩሽ?» አለ በመጨረሻ።

«የምትፈልገውን አውቄያለሁ። በቃኝ።»

«የምፈልገውን አውቀሽ ነው እንዳትልክ የምትዪኝ?»

«አዎ! አውቄ ነው!»

ይሄንን ሲሰማ ከውስጡ የሆነ ነገር የወደቀ መሰለኝ። ዓይኑ ሞላ። አላለቀሰም፤ ወደ ሞተሩ ዞረ። «እሺ» አለ። «ኻላስ፣ በቃ። ግን ሞተሯን እንደዚህ ታማ አልሰጥሽም። እናትሽን ሐኪም ቤት የወሰደች ናት። አስተካክዬ ልስጥሽ፣ ከዚያ ሂጂ።»

አያ ታፈረ ገመዳቸውን መሬት ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። የዝናሽ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ግን አልሄደችም። ሁለቱንም ልብ በሉልኝ፤ አልሄደችም።

ማህጁብ ጂግለሮቹን መለሰ። ፔዳሉን ረገጠ፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ተነሳ። ሚኒሞው ላይ አስቀመጠው፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጡት በቀስታ የሚተነፍስበት ላይ። ከዚያ የግራውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ያዞራል፣ ይሰማል፣ ይመልሳል። ቀኙንም እንዲሁ። ጧ ማለቱ ቀርቷል። ነገር ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ወገን ሲስብ ሌላው የሚጎተት ይመስላል። ብሎኗን ሁለቴ ሳታት።

«ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው» አለ ለአያ ታፈረ። አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ አወጣ። «አንድ ጫፍ ጆሮ ላይ፣ አንድ ጫፍ ማጣሪያው አፍ ላይ። የግራውን መስማት፣ የቀኙን መስማት። እኔ ግን እጄ ብሎን ላይ ነው።»

«የኔ ጆሮስ አርጅቷል» አሉ አያ ታፈረ።

«ለእሱ ስጡት» አለ ማህጁብ፣ ቀና ሳይል። «እሱ ያዳምጥ። እሱ ጆሮው ጥሩ ነው።»

አያ ታፈረ ቱቦውን እንደያዙ ግራ ተጋቡ። ዙሪያውን አዩ። ጋራዡ ውስጥ ወንድ ቢባል እሳቸውና ራሱ ማህጁብ ብቻ ናቸው።

«እሱ ማነው ልጄ?»

«እሱ!» አለ ማህጁብ፣ በአገጩ እየጠቆመ። የጠቆመው ወደ የዝናሽ ነው። «እሱ ቁጣው ሲበርድለት ያዳምጥ። እኔን ባይፈልግም ሞተሯን ይወዳታል።»

የዝናሽ ዞረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የዞረ ሰው አላየሁም።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው።

አጠፋ።

«ትናንት ለአለነ ምን አልከው?»

«ለአለነ?»

«‹እሱን ብቻ ነው የምፈልገው› አላልክም?»

«ብያለሁ።» አልካደም።

«‹አባትየው እሱን ለሌላ ሰው ከሰጡብኝ አሶሳ አልቀመጥም› አላልክም?»

«ብያለሁ! ወላሂ ብያለሁ! አሁንም አልቀመጥም። ነገ እሄዳለሁ።»

«እሱ ማነው ማህጁብ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?» ብሎ ጮኸ። ማህጁብ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ሞተሩን መስሎኝ ነበር» አለች፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

ማህጁብ ሞተሩን አየው። እሷን አያት። እንደገና ሞተሩን አየው። ፊቱ ላይ ሐዘን፣ ንዴት፣ ግራ መጋባት ተደባለቀ።

«ሞተር?» አለ። «ሞተርማ እሷ ናት!»

አያ ታፈረ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ግን ግንባሬን መታሁ። ወይ ነዶ! በኛ በበርታዎች ቋንቋ እኮ እሱም እሷም አንድ ቃል ነው፤ ወንድና ሴት የሚለይ ነገር የለውም። የዝናሽ «ሞተሩን አለ» ብላ ተርጉማ ነገረችኝ እንጂ፣ «እሱን አለ» ብላ እንደወረደ ብትነግረኝ ኖሮ እዚያው ማንጎው ሥር ነገሩን ጨርሰነው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞተሩን «እሱ» ብሎት አያውቅም። ይቺ፣ ታመመች፣ ተራበች ነው የሚለው። ማናችንም ልብ አላልንም።

የዝናሽ ግን ቶሎ የምትለቅ ልጅ አይደለችም። እንባዋ እየወረደ እንኳ ትጠረጥራለች። «‹አንቺ› ማለት ካወቅክ፣ ለምን ‹እሷ› አላልክም?»

ማህጁብ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«አንቺ ፊቴ ስትሆኚ ምን ብዬ እንደምጠራሽ አስተማርሽኝ» አላት። «አንቺ ስትሄጂ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ግን አላስተማርሽኝም። እኔ ደግሞ ስለ አንቺ የማወራው ሁልጊዜ አንቺ ስትሄጂ ነው።»

ኧረ እኔ እንኳ፣ ሰው የማላምነው ኸድራ፣ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። አያ ታፈረ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የዝናሽ በእንባ ውስጥ ሳቀች፤ ስቃም አልቅሳም አላበቃችም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያደረገችው።

«እኔ በሌለሁበት ስታወራ ስሰማህ ሌላ ሰው መሰልከኝ» አለችው። «አፈርኩ።»

«አትፍሪ» አለ። «አፈርኩ» እና «ፈራሁ» ተምታቶበት ነው። ማንም አላረመውም።

ቱቦውን ከአባቷ እጅ ተቀበለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከማህጁብ ትይዩ፣ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ተንበረከከች። እሱ ፔዳሉን ረገጠ። አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን ግራው ማጣሪያ አፍ ላይ አደረገች።

«ይሄ ሽሽሽ ይላል። ወፍራም ነው» አለች። ወደ ቀኙ አዞረችው። «ይሄ ቀጭን ነው። ያፏጫል።»

ማህጁብ የቀኙን ብሎን በጣም በጥቂቱ አዞረ። «አሁንስ?»

«ወፈረ። ትንሽ ቀረው።»

«አሁን?»

«አልፎ ሄደ፣ መልሰው።»

ዓይኑ ብሎኑ ላይ አልነበረም። እሷ ላይ ነበር። እሷም ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ሞተሩ መሬቱን መደብደብ ተወና በእርጋታ መተንፈስ ጀመረ። የዝናሽ ዓይኗን ስትገልጥ ከሱ ዓይን ጋር ተጋጨች።

«ተካከሉ» አለችው።

አያ ታፈረ ተነሱ። እጀታውን ይዘው ነዳጅ ሰጡት። እኔ በልማድ ጆሮዬን ደፈንኩ። ጧ አላለም። ዶሮም አልተበተነ። ቆንጆ፣ ሙሉ፣ የጠገበ ድምፅ ወጣ። ሽማግሌው እጀታውን ለቀው ኮርቻውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ማንን እንዳስታወሱ ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲህ ይቺ ዳነች» አሉ። ሞተሩን «ይቺ» ማለታቸውን እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ ያስተዋልኩት። «አንቺስ? ነገ ሰዎቹ ከጁምዓ በኋላ ደጄ ላይ ሲቆሙ ምን ልበላቸው? የሰፈሩ ሰው ሁሉ አፌን ነው የሚያየው።»

የዝናሽ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ቱቦውን እጇ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«‹እሱን ብቻ ነው የምፈልገው› ብላለች ይበሏቸው» አለች።

እልል ልል አፌን ስከፍት ማህጁብን አየሁት። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። የት! ፊቱ በጥርጣሬ ተኮማትሯል። እሷን አየ። ሞተሩን አየ። ይሄ አማርኛ የሚባል ነገር ዛሬ ስንት ጉድ እንዳፈላበት ያውቃልና፣ በገዛ ጆሮው ላይ እምነት አልነበረውም።

«እሱ...» አለ በፍርሃት። «እሱ ማነው?»

የዝናሽ እጇን በሞተሩ ላይ አሻግራ፣ ዘይት የነካውን እጁን ያዘችው።

«አንተ» አለችው። «አንተ ነህ።»